አሲንክሮነስ የኔቲቭ ኮድ ላይብረሪዎችና የኦብጀክት ማህደረ ትውስታ አያያዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በጃቫ ወይም በኮትሊን የተጻፈን ፕሮግራም በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ከተጻፈ ላይብረሪ ጋር በጄኤንአይ (ጃቫን ከኔቲቭ ኮድ፣ ማለትም በቀጥታ በማሽኑ ላይ ከሚሠራ ኮድ ጋር በሚያገናኘው ደንብ) በኩል ለሚያገናኙ ባለሙያዎች ነው፤ በተለይም ላይብረሪው ጥሪውን ተቀብሎ ወዲያው የሚመለስና ውጤቱን ቆይቶ በኮልባክ (ላይብረሪው መልሶ በሚጠራው ፈንክሽን) የሚያሳውቅ፣ ማለትም አሲንክሮነስ ሲሆን ለሚቸገሩ። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከአንድሮይድ የተወሰዱ ናቸው። ለሌሎች ቋንቋዎች የሚሆን አጭር መልስ ወደ መጨረሻው አካባቢ ይገኛል።

ጋርቤጅ ኮሌክተር ባለው ቋንቋ እየሠራሁ ስለ ማህደረ ትውስታ ለምን አስባለሁ?

ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (የማይፈለጉ ኦብጀክቶችን ራሱ የሚያጸዳው የቋንቋው ክፍል) የሚያውቀው የራሱን ግቢ ብቻ ስለሆነ ነው። በጃቫ ሂፕ (ጃቫ ኦብጀክቶቹን በሚያኖርበት የማህደረ ትውስታ ክፍል) ላይ ያሉ ኦብጀክቶች ማን ማንን እንደያዘ፣ ከየትኛው ትሬድ (ጎን ለጎን ከሚሄዱ የሥራ መስመሮች) እንደሚደረስባቸው ተከታትሎ ያውቃል፤ በሲ ፕላስ ፕላስ በኩል የተመደበውን ማህደረ ትውስታ ግን አያይም፣ አይቆጥርም፣ አይለቅም። ስፋቱ 4000 ቁመቱ 3000 ፒክሰል የሆነ ምስል፣ እያንዳንዱ ፒክሰል 4 ባይት ቢይዝ፣ 48 ሚሊዮን ባይት ይፈልጋል። ይህ ምስል በኔቲቭ በኩል ተቀምጦ፣ በጃቫ በኩል ያለው አድራሻውን በአንድ የ«ሎንግ» ቁጥር የያዘ ኦብጀክት ብቻ ከሆነ፣ ለጋርቤጅ ኮሌክተሩ የሚታየው ጥቂት ባይት የምትይዘው ትንሽ ኦብጀክት ናት። እንዲህ ያሉ ሃምሳ ኦብጀክቶች ፈላጊ አጥተው ቢከማቹ እንኳ ለማጽዳት የሚያስቸኩለው ምክንያት አይታየውም፤ ስልኩ ግን በዚያው ሰዓት ማህደረ ትውስታ አጥሮት ፕሮግራሙን ሊዘጋው ይችላል። አንድሮይድ ራሱ በዚህ ጉዳይ ሐሳቡን ሁለት ጊዜ ቀይሯል፤ የቢትማፕ (የምስል ኦብጀክት) ፒክሰሎች እስከ ሥሪት 2.3.3 በኔቲቭ በኩል፣ ከ3.0 እስከ 7.1 በጃቫ ሂፕ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ከ8.0 ጀምሮ ደግሞ ወደ ኔቲቭ ሂፕ ተመልሰዋል።

ጥሪው አሲንክሮነስ መሆኑ ምን ይለውጣል?

ውሰቱን ወደ አደራ ይለውጠዋል። በተለመደው ጥሪ ጠሪው ቆሞ ይጠብቃል፤ ለፈንክሽኑ ያዋሰው በፈርም (የመረጃ ማቆያ ቦታም) ሆነ ኦብጀክት ፈንክሽኑ እስኪመለስ ድረስ ከጠሪው እጅ ሳይወጣ ይቆያል፤ ስለዚህ «ማን ይለቀዋል?» የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ መልስ ያገኛል። በአሲንክሮነስ ጥሪ ግን ፈንክሽኑ የሚመለሰው ሥራው ስላለቀ ሳይሆን ሥራውን ስለተረከበ ነው። ጠሪው መንገዱን ይቀጥላል፣ የስታክ ፍሬሙ (የጥሪው ጊዜያዊ ቦታ) ይፈርሳል፣ የያዛቸው ኦብጀክቶች ተሰብስበው ሊጠፉ ይችላሉ፤ ሌላ ትሬድ ደግሞ በዚያው ሰዓት የእነዚያኑ ኦብጀክቶች አድራሻ ይዞ እየሠራ ነው። ከመረከቡ እስከ ፍጻሜው ባለው ጊዜ ውስጥ አደራውን የሚጠብቅ አንድ የታወቀ ባለቤት ከሌለ፣ ስህተቱ ከሦስት መልኮች በአንዱ ይመጣል፤ ወይ ማህደረ ትውስታው ሥራው ሳያልቅ ይለቀቃል፣ ወይ ሁለቱም ወገኖች ሌላኛው ይለቀዋል ብለው ትተውት ፈጽሞ ሳይለቀቅ ይቀራል፣ ወይ ደግሞ ሁለቱም ይለቁትና ሁለት ጊዜ ይለቀቃል።

ከሦስቱ የከፋው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም የተለቀቀው ቦታ ወዲያው ለሌላ ሊመደብ ስለሚችል፣ ላይብረሪው የሚጽፈው በሌላ ኦብጀክት ላይ ይሆናል። ይህ የብልሽት ብቻ ሳይሆን የደህንነትም ጉዳይ ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2019 ባወጣው መግለጫ በየዓመቱ ከሚጠግናቸው የደህንነት ክፍተቶች 70 በመቶ ያህሉ ከማህደረ ትውስታ አያያዝ ስህተት የሚመነጩ መሆናቸውን ተናግሯል።

ሎካል፣ ግሎባልና ዊክ ግሎባል ሪፈረንስ በምን ይለያያሉ?

ለኔቲቭ ሜተድ እንደ አርጉመንት የሚደርሰው እያንዳንዱ የጃቫ ኦብጀክት፣ እንዲሁም የጄኤንአይ ፈንክሽኖች የሚመልሱት ኦብጀክት በሞላ ጎደል ሁሉ፣ የሚያዘው በሎካል ሪፈረንስ (ወደ ኦብጀክቱ በሚያመለክት ጊዜያዊ መያዣ) ነው። ሎካል ሪፈረንስ የሚያገለግለው በተፈጠረበት ትሬድ ላይ፣ ያ የኔቲቭ ሜተድ እስኪመለስ ድረስ ብቻ ነው። ሜተዱ ከተመለሰ በኋላ ኦብጀክቱ ራሱ በሕይወት ቢኖር እንኳ ሪፈረንሱ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ኮልባክ ተቀባዩን ኦብጀክት በሲ ፕላስ ፕላስ ክላስ ውስጥ በቀጥታ ማስቀመጥ ከመጀመሪያው የተሳሳተ ነው።

ከጥሪው አልፎ እንዲቆይ የሚፈለግ ኦብጀክት በ«ኒውግሎባልሬፍ» ግሎባል ሪፈረንስ ይወጣለታል፤ ይህ ሪፈረንስ በ«ዲሊትግሎባልሬፍ» እስኪሰረዝ ድረስ ኦብጀክቱን ጋርቤጅ ኮሌክተሩ አይነካውም፣ ከየትኛውም ትሬድ መጠቀምም ይቻላል። ዊክ ግሎባል ሪፈረንስ ደግሞ ኦብጀክቱን ሳያስር አድራሻውን ብቻ ያስታውሳል። በእርሱ ከመጠቀም በፊት በ«ኒውሎካልሬፍ» ወደ ሎካል ሪፈረንስ መቀየርና ውጤቱ ባዶ አለመሆኑን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ኦብጀክቱ መኖሩን ያጣራና ቀጥሎ በዊክ ሪፈረንሱ ይጠቀማል፤ በሁለቱ መካከል ባለችው ቅጽበት ኦብጀክቱ ሊሰበሰብ ስለሚችል ይህ ቅደም ተከተል ዋስትና አይሰጥም።

ሎካል ሪፈረንስ አስቀምጬ በስልኬ ላይ ስሞክረው ያለ ችግር ይሠራል። እውነት ስህተት ነው?

አዎን፣ ስህተት ነው። መሥራቱ የአጋጣሚ ነው። የዚህን ምስክርነት ከአንድሮይድ ታሪክ እናገኛለን። ከሥሪት 4.0 በፊት ሎካል ሪፈረንስ ማለት የኦብጀክቱ ቀጥተኛ አድራሻ ነበር፣ ጋርቤጅ ኮሌክተሩም ኦብጀክቶችን ከቦታቸው አያንቀሳቅስም ነበር፤ በዚህ ምክንያት ደንቡን የጣሰ ብዙ ኮድ ለዓመታት ሳይታወቅበት ኖረ። በ2011 ሥሪት 4.0 ሲወጣ ሎካል ሪፈረንሶች በሠንጠረዥ በኩል የሚፈቱ ሆኑ፤ ቀድሞ ይሠሩ የነበሩ ፕሮግራሞችም ዒላማቸውን ወደዚህ ሥሪት ሲያሳድጉ፣ የኔቲቭ ኮዳቸው ምንም መስመር ሳይቀየርበት መውደቅ ጀመሩ። ዛሬ ደግሞ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ ኦብጀክቶችን ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራል። የጄኤንአይ ደንብ የሚለው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያው ነው፤ የተለወጠው ጥሰቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው።

ኮልባኩ የሚመጣው ላይብረሪው ራሱ ከፈጠረው ትሬድ ነው። ምን ምን ላድርግ?

አብዛኞቹ ጠያቂዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

የመጀመሪያው ነገር «ጄኤንአይኤንቭ» የሚባለው፣ የጄኤንአይ ፈንክሽኖች የሚጠሩበት ፖይንተር (አድራሻ) የአንድ ትሬድ የግል ንብረት መሆኑ ነው። ከዋናው ትሬድ ላይ አስቀምጦ በሌላ ትሬድ መጠቀም አይፈቀድም። ማስቀመጥ የሚቻለው የ«ጃቫቪኤም» ፖይንተርን ነው፤ ላይብረሪው ሲጫን በሚጠራው «ጄኤንአይ ኦንሎድ» ውስጥ ይቀበሉትና ያኖሩታል፤ ኮልባኩ ሲመጣ በእርሱ አማካይነት «አታችከረንትትሬድ»ን ጠርተው የዚያን ትሬድ የራሱን «ጄኤንአይኤንቭ» ያገኛሉ። የተገናኘ ትሬድ ከመሞቱ በፊት በ«ዲታችከረንትትሬድ» መለያየት አለበት፤ ይህ ሳይደረግ ትሬዱ ቢያልቅ አንድሮይድ ፕሮግራሙን ያቋርጠዋል። በየኮልባኩ ማገናኘትና ማለያየት ወጪው ከፍተኛ ስለሆነ፣ ትሬዱን አንድ ጊዜ አገናኝቶ፣ ትሬዱ ሲያልቅ ራሱ የሚያለያይ ማጽጃ በትሬዱ የግል ማከማቻ ላይ መመዝገብ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው፣ ሎካል ሪፈረንሶች በራሳቸው የሚለቀቁት የኔቲቭ ሜተዱ ወደ ጃቫ ሲመለስ ነው ብለናል። ላይብረሪው የፈጠረው ትሬድ ግን ከጃቫ አልመጣምና ወደ ጃቫ አይመለስም። ስለዚህ ኮልባኩ በተጠራ ቁጥር የሚፈጠረው ስትሪንግ፣ አሬይ፣ ክላስ ሁሉ ትሬዱ እስኪለያይ ድረስ ተከማችቶ ይቆያል። ከአንድሮይድ 8.0 በፊት የሎካል ሪፈረንስ ሠንጠረዡ 512 ቦታ ብቻ ስለነበረው ችግሩ ቶሎ ይጋለጥ ነበር፤ ከ8.0 ወዲህ ገደቡ ስለተነሳ ፕሮግራሙ ቶሎ አይወድቅም፣ ማህደረ ትውስታው ግን ቀስ እያለ ይሞላል። እኔ ገደቡ መነሳቱን እንደ ሙሉ በጎ ነገር አልቆጥረውም፤ ቀድሞ በደቂቃ ይታይ የነበረው ስህተት አሁን ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ለሰዓታት ከፍቶ ሲተወው ብቻ የሚታይ ሆኗል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኮልባኩ ሲጀምር «ፑሽሎካልፍሬም»፣ ሲጨርስ «ፖፕሎካልፍሬም» መጥራት፣ ወይም እያንዳንዱን ሪፈረንስ በ«ዲሊትሎካልሬፍ» መሰረዝ።

ሦስተኛው፣ በእንዲህ ያለ ትሬድ ላይ «ፋይንድክላስ» የፕሮግራሙን ክላሶች አያገኝም፤ በስታኩ ላይ የጃቫ ፍሬም ስለሌለ የሲስተሙን ክላስ ሎደር (ክላሶችን ፈልጎ የሚጭነውን ክፍል) ብቻ ይጠቀማል። ክላሱን በ«ጄኤንአይ ኦንሎድ» ጊዜ ፈልጎ በግሎባል ሪፈረንስ ማስቀመጥ ይገባል።

ግሎባል ሪፈረንስ ተጠቀምኩ፣ ክራሹም ቀረ። አሁን ግን ስክሪኑ ተዘግቶም ኦብጀክቱ አይለቀቅም። ለምን?

ዙሩ ስለተዘጋ ነው። የጃቫው ኦብጀክት የኔቲቩን ኦብጀክት አድራሻ ይዟል፤ የኔቲቩ ኦብጀክት ደግሞ ኮልባክ ለመላክ ሲል በግሎባል ሪፈረንስ የጃቫውን ይዟል። ጋርቤጅ ኮሌክተሩ በራሱ ሂፕ ላይ ያሉ ዙሮችን ይፈታል፤ ግማሹ መንገድ በኔቲቭ በኩል የሚያልፍ ዙር ግን አይታየውም፣ ግሎባል ሪፈረንሱን ሲያይ «ይህ ይፈለጋል» ብሎ ያልፋል። የጃቫው ኦብጀክት አክቲቪቲ (አንድን የአንድሮይድ ስክሪን የሚያስተዳድር ኦብጀክት) ከሆነ ደግሞ ከእርሱ ጋር የስክሪኑ ቪው በሙሉ ይታሰራል። በአንድሮይድ የግሎባል ሪፈረንስ ሠንጠረዥ 51200 ቦታ አለው፤ ሲሞላ ፕሮግራሙ ሠንጠረዡ መትረፍረፉን ጽፎ ይወድቃል።

እኔ የምከተለው መንገድ ይህ ነው። ግሎባል ሪፈረንሱን የረጅም ዕድሜ ላለው የኔቲቭ ኦብጀክት አልሰጠውም፤ ለአንዱ ሥራ እንጂ። አንድ የማውረድ ጥያቄ ሲጀመር አንድ የሥራ ኦብጀክት ይፈጠራል፣ ግሎባል ሪፈረንሱን እርሱ ይይዛል፣ ጥያቄው በስኬትም ይሁን በውድቀት ወይም በስረዛ ሲያበቃ ሪፈረንሱ ከሥራው ኦብጀክት ጋር ይሰረዛል። ያለ ማቋረጥ ለሚመጡ መልእክቶች፣ ለምሳሌ ለሴንሰር ወይም ለማይክሮፎን፣ እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ፍጻሜ ስለሌለ ዊክ ግሎባል ሪፈረንስ ይሻላል፤ ወይም በግልጽ የሚጠራ የመዝጊያ ሜተድ ያስፈልጋል።

ባይት አሬይ ልላክ ወይስ ዳይሬክት ባይትበፈር?

ሥራው አሲንክሮነስ ከሆነ ዳይሬክት ባይትበፈርን (ኔቲቭ ኮድ በቀጥታ የሚደርስበትን በፈር) እመርጣለሁ። ከባይት አሬይ የሚገኘው ፖይንተር ወይ ቅጂ ነው ወይ አሬዩ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ የተገኘ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ቨርቹዋል ማሽኑ (ጃቫን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ነው። ቅጂ ከሆነ በላዩ የተጻፈው በመልቀቂያው ፈንክሽን እስኪመለስ ድረስ በጃቫ በኩል አይታይም፤ መልቀቂያው ከተረሳም ቅጂው ይቀራል። «ጌትፕሪሚቲቭአሬይክሪቲካል» የሚባለው ደግሞ ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይሆንም፤ ፖይንተሩ በተያዘበት ጊዜ ሌላ የጄኤንአይ ፈንክሽን መጥራትም ሆነ ሌላ ትሬድን መጠበቅ የተከለከለ ነውና።

ዳይሬክት ባይትበፈር አድራሻው አይቀየርም፤ ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። በጃቫ በኩል የተመደበ ከሆነ ማህደረ ትውስታው የሚለቀቀው የጃቫው ኦብጀክት ሲሰበሰብ ስለሆነ፣ አድራሻውን ብቻ ይዞ ኦብጀክቱን መርሳት ቀድሞ መልቀቅ ነው፤ ሥራው እስኪያልቅ በግሎባል ሪፈረንስ መያዝ አለበት። በ«ኒውዳይሬክትባይትበፈር» ከኔቲቭ በኩል የተሠራ ከሆነ ግን በተቃራኒው ነው፤ ጃቫ ማህደረ ትውስታውን አይለቅም፣ ባለቤቱ የሲ ፕላስ ፕላሱ ኮድ እንደሆነ ይቀራል፤ ያ ኮድ ቦታውን ከለቀቀው በኋላ ጃቫ በበፈሩ ቢያነብ ማንም አያስቆመውም።

ተጠቃሚው ሥራውን ሲሰርዝ በፈሩን ወዲያው መልቀቅ እችላለሁ?

አይቻልም። መሰረዝ ማለት «አቁም» ብሎ መጠየቅ ነው፤ መቆሙ የሚታወቀው የፍጻሜው ማሳወቂያ ሲመጣ ብቻ ነው። ይህን ደንብ በየደረጃው ያሉ ሲስተሞች ሁሉ ይጋሩታል። ሊብዩቪ በሚባለው የአሲንክሮነስ ሥራ ላይብረሪ «ዩቪ ካንስል» የሚሳካው ሥራው ገና ካልተጀመረ ነው፤ ተጀምሮ ከሆነ «ሥራ ላይ ነው» የሚል ስህተት ይመልሳል፤ ሲሳካም እንኳ ኮልባኩ የመሰረዝ ኮድ ይዞ ይመጣል። በ«ዩቪ ክሎዝ» የሚዘጋ ሃንድልም ማህደረ ትውስታው የሚለቀቀው በመዝጊያው ኮልባክ ውስጥ ወይም ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። በዊንዶውስ የ«ኦቨርላፕድ» መዋቅር ከስረዛ ጥያቄው በኋላም የሥራው ፍጻሜ እስኪታወቅ ድረስ በቦታው መቆየት አለበት። በ2019 ከሊኑክስ ከርነል 5.1 ጋር የመጣው አይኦ ዩሪንግም እንዲሁ ነው፤ ከርነሉ ራሱ በበፈሩ ላይ እየጻፈ ሊሆን ስለሚችል፣ የስረዛው መልስ ሳይሆን የዋናው ጥያቄ ፍጻሜ ነው የሚጠበቀው።

በኮትሊን ኮሩቲን (መሐል ላይ ቆሞ ቆይቶ በሚቀጥል ሥራ) ላይ ይህ ጉዳይ ረቂቅ ወጥመድ አለው። «ሰስፔንድካንሰለብልኮሩቲን» በመጠቀም ኮልባኩን ወደ ሰስፔንድ ፈንክሽን መቀየር የተለመደ ነው። ኮሩቲኑ ሲሰረዝ ግን ኔቲቩን ሳይጠብቅ ወዲያው በካንሰሌሽን ኤክሴፕሽን ይነቃል። በፈሩ በ«ዩዝ» ብሎክ ውስጥ ከተከፈተ ብሎኩ ይዘጋዋል፤ ላይብረሪው ግን አሁንም እየጻፈበት ነው። ኮዱ ሲነበብ እጅግ ንጹሕ ይመስላል፤ እያንዳንዱ መስመር ለየብቻው ትክክል ነው። በአንድ የድምፅ መቅጃ ሥራ ላይ እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ኮድ ጽፌ፣ ቀረጻውን ጀምረው ወዲያው በሚያቋርጡ ተጠቃሚዎች ስልክ ላይ ብቻ የሚታይ ብልሽት ለሳምንታት ፈልጌአለሁ፤ የክራሹ መዝገብ የሚያሳየው ከቀረጻው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ቦታ ነበር፤ ምክንያቱም የወደቀው የተለቀቀውን ቦታ በኋላ የወሰደው ኦብጀክት ነው።

ያዋጣኝ መፍትሔ የበፈሩን ባለቤትነት ከጠሪው ወስዶ ለሥራው ኦብጀክት መስጠት ነው። ኮሩቲኑ ሲሰረዝ በሚጠራው «ኢንቮክኦንካንሰሌሽን» ውስጥ የስረዛው ጥያቄ ብቻ ይላካል፤ በፈሩን የሚለቀው የፍጻሜው ኮልባክ ነው፣ ሌላ ማንም አይለቀውም። ለመላው ላይብረሪ መዝጊያም ያው ሥርዓት ይሠራል፤ «ክሎዝ» ሲጠራ ኦብጀክቱ «በመዘጋት ላይ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፣ አዲስ ሥራ አይቀበልም፣ በሂደት ላይ ላሉት ስረዛ ይላካል፣ የመጨረሻው ፍጻሜ ሲደርስ ያ ኮልባክ ራሱ ሁሉንም ይለቃል። «ክሎዝ»ን በዋናው ትሬድ ላይ እስኪያልቅ ቆሞ እንዲጠብቅ ማድረግ አይመከርም፤ ኮልባኩ ዋናውን ትሬድ የሚፈልግ ከሆነ ሁለቱ ተያይዘው ይቀራሉ፣ ዋናው ትሬድ ለተጠቃሚው ንክኪ በ5 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰም አንድሮይድ ፕሮግራሙ ምላሽ እንደማይሰጥ ያውጃል።

ኔቲቭ ኦብጀክቱን ለመልቀቅ «ፋይናላይዝ» አይበቃም?

አይበቃም። «ፋይናላይዝ» (ኦብጀክቱ ከመሰብሰቡ በፊት የሚጠራው ሜተድ) በጃቫ 9 እንዳይመከር ተደረገ፣ በ2022 በወጣው ጃቫ 18 ደግሞ ወደፊት እንዲወገድ ምልክት ተደረገበት። መቼ እንደሚጠራ አይታወቅም፣ ጨርሶ ላይጠራም ይችላል። ዋናው መንገድ «አውቶክሎዘብል» ሆኖ በግልጽ የሚጠራ «ክሎዝ» ነው። በጃቫ 9 የመጣው «ክሊነር» ለተረሳው መጠባበቂያ ሊሆን ይችላል፤ የጽዳቱ ኮድ የሚጸዳውን ኦብጀክት ራሱን እንዳይዝ መጠንቀቅ ግን ያስፈልጋል፤ ላምዳው (ስም የለሹ ፈንክሽን) ሳይታወቅ «ዚስ»ን (ኦብጀክቱን ራሱን) ከያዘ ኦብጀክቱ መቼም አይሰበሰብምና።

አንድ ተያያዥ ጉዳይ አለ። የኔቲቭ ሜተዱ ስታቲክ ሆኖ የ«ሎንግ» አድራሻውን ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ አድራሻው ከተነበበ በኋላ የጃቫው ኦብጀክት ፈላጊ እንደሌለው ሊቆጠርና የኔቲቭ ጥሪው ገና ሳያልቅ ሊጸዳ ይችላል። ከጥሪው በኋላ «ሪቸብሊቲፌንስ» መጥራት ወይም ሜተዱን ስታቲክ አለማድረግ ይህን ይከላከላል።

በሲ ፕላስ ፕላስ በኩል «ሼርድ ፖይንተር» ብጠቀም ሁሉም አይፈታም?

«ሼርድ ፖይንተር» ባለቤቶቹን ቆጥሮ የመጨረሻው ሲለቅ ኦብጀክቱን የሚያፈርስ ፖይንተር ነው፤ ብዙውን ይፈታል፤ አዲስ ጥያቄም ያመጣል። ወደ አሲንክሮነስ ሥራ የሚላክ ላምዳ «ዚስ»ን በጥሬው ከያዘ፣ ኦብጀክቱ ቀድሞ ሲፈርስ ላምዳው በባዶ ቦታ ላይ ይሠራል፤ በምትኩ «ዊክ ፖይንተር» ይዞ ሲጠራ ወደ «ሼርድ ፖይንተር» መቀየርና መኖሩን ማየት ትክክለኛው አካሄድ ነው። አዲሱ ጥያቄ ግን ኦብጀክቱ የሚፈርሰው በየትኛው ትሬድ ላይ ነው የሚል ነው። የመጨረሻው ባለቤት የትኛው ትሬድ ላይ እንደሚለቅ አስቀድሞ አይታወቅም። ዲስትራክተሩ (ኦብጀክቱ ሲፈርስ የሚሄደው ኮድ) «ዲሊትግሎባልሬፍ» የሚጠራ ከሆነና ያ ትሬድ ከጃቫ ጋር ያልተገናኘ ከሆነ፣ የሚጠራበት «ጄኤንአይኤንቭ» የለውም። ዲስትራክተሩ የሠራተኛ ትሬዱን እስኪያልቅ የሚጠብቅ ከሆነና የሚፈርሰው በዚያው ሠራተኛ ትሬድ ላይ ከሆነ ደግሞ ትሬዱ ራሱን ሊጠብቅ ነው። ስለዚህ የማፍረሱን ሥራ ወደ አንድ የታወቀ ትሬድ ወረፋ የሚልክ የራስ ዲሊተር ለ«ሼርድ ፖይንተሩ» መስጠት ይመከራል።

ኮልባኩ የጠራው የጃቫ ሜተድ ኤክሴፕሽን ቢወረውር?

ከጥሪው በኋላ ወዲያው «ኤክሴፕሽንቼክ» ይደረግ። ኤክሴፕሽን ባልተፈታበት ሁኔታ አብዛኞቹን የጄኤንአይ ፈንክሽኖች መጥራት አይፈቀድም፤ ሪፈረንስ የሚሰርዙትና በፈር የሚለቁት ግን ይፈቀዳሉ፤ ስለዚህ ጽዳቱን ለመዝለል ምክንያት አይሆንም። በላይብረሪው ትሬድ ላይ ኤክሴፕሽኑን የሚይዝ የጃቫ ፍሬም ስለሌለ፣ ተጽፎ ከተቀመጠ በኋላ መጥፋት አለበት።

የጃቫ 22 አዲሱ ኤፒአይ ይህን ሁሉ አላስቀረውም?

በማርች 2024 የወጣው ጃቫ 22 የውጭ ፈንክሽንና ማህደረ ትውስታ ኤፒአይን አጽንቷል፤ በአገልጋይና በዴስክቶፕ ለሚሠራ እኔም ለአዲስ ሥራ እርሱን እመርጣለሁ። ጥሩነቱ የማህደረ ትውስታን ዕድሜ «አሬና» በሚባል ኦብጀክት መግለጡ ነው፤ አሬናው ሲዘጋ በእርሱ የተመደበው ሁሉ አብሮ ይለቀቃል፣ ከዚያ በኋላ ከጃቫ በኩል መንካት ኤክሴፕሽን እንጂ ብልሽት አያመጣም። ይህ ጥበቃ ግን ድንበሩን አያልፍም። የኔቲቭ ላይብረሪው አድራሻውን ይዞ ከቀረና አሬናው ከተዘጋ፣ ችግሩ ያው የድሮው ነው። ከኔቲቭ ወደ ጃቫ የሚጠራው የኮልባክ ፖይንተርም ዕድሜው ከአሬና ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ላይብረሪው ሊጠራው በሚችልበት ጊዜ ሁሉ አሬናው ክፍት መሆን አለበት፤ በኮልባኩ ውስጥ ሳይያዝ የቀረ ኤክሴፕሽንም ቨርቹዋል ማሽኑን ያቆመዋል። በአንድሮይድ ላይ የመገናኛው ዋና መንገድ ጄኤንአይ ነው።

የምሠራው በፓይተን፣ በሲ ሻርፕ ወይም በኖድ ነው። ይመለከተኛል?

ስሞቹ ይለያያሉ እንጂ ይመለከትዎታል። በፓይተን «ሲታይፕስ» የሚሠራ የኮልባክ ኦብጀክት በፓይተን በኩል የሚይዘው ተለዋዋጭ ከሌለ ይሰበሰባል፣ ላይብረሪው ቆይቶ ሲጠራውም ፕሮግራሙ ይወድቃል። በሲ ሻርፕ ለኔቲቭ ኮድ የተሰጠ ዴሊጌት ተመሳሳይ ዕጣ አለው፤ «ጂሲሃንድል» ወይም ስታቲክ ፊልድ ይይዘዋል። በኖድ ኤፒአይ ደግሞ የአሲንክሮነስ ሥራው ዋና ክፍል በሌላ ትሬድ ላይ ስለሚሄድ በዚያ ውስጥ የጃቫስክሪፕት ኦብጀክት መንካት አይፈቀድም፤ የሚያስፈልገው መረጃ አስቀድሞ ተቀድቶ፣ ኦብጀክቱ ደግሞ በሪፈረንስ ተይዞ መቆየት አለበት።

እነዚህን ስህተቶች ተጠቃሚው ጋ ከመድረሳቸው በፊት እንዴት ላግኛቸው?

በአንድሮይድ ኢሙሌተር ላይ «ቼክጄኤንአይ» በነባሪ ይበራል፤ የተሳሳተ ሪፈረንስን፣ ከሌላ ትሬድ የመጣ «ጄኤንአይኤንቭ»ን እና መሰል ጥሰቶችን በቦታው ይይዛል። ቀድሞ ለተለቀቀ ማህደረ ትውስታ «አድሬስ ሳኒታይዘር» አለ፤ ፕሮግራሙን ሁለት እጥፍ ያህል ያዘገየዋል፣ ለሙከራ ግን የሚያዋጣ ዋጋ ነው። ባለ 64 ቢት አርም ስልክና አንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ በላይ ካለ በሃርድዌር የሚታገዘው ዓይነቱ ማህደረ ትውስታን ይቆጥባል። የጃቫ ሂፕ መመርመሪያ ብቻውን አይበቃም፤ የሆትስፖት (በዴስክቶፕና በአገልጋይ የተለመደው የጃቫ ቨርቹዋል ማሽን) የኔቲቭ ማህደረ ትውስታ መከታተያም የሚቆጥረው የቨርቹዋል ማሽኑን የራሱን ምደባ እንጂ እርስዎ በጄኤንአይ የጫኑት ላይብረሪ የወሰደውን አይደለም።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ግን አንድ ተራ ሙከራ ነው፤ ሥራውን መጀመርና ወዲያው መሰረዝ፣ ይህንንም በተከታታይ 100,000 ጊዜ መድገም። ቁጥሩ ሆን ተብሎ ከ51200 የበለጠ ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ግሎባል ሪፈረንስ የሚረሳ ኮድ ሙከራውን ሳይጨርስ ይወድቃል። በዙሮቹ መካከል ያለውን የቆይታ ጊዜ በዘፈቀደ መለዋወጥ ደግሞ ስረዛው ከፍጻሜው ጋር የሚጋጭባትን ቅጽበት ያወጣታል።

የላይብረሪው ሰነድ በፈሩን ማን እንደሚለቅ፣ እስከ መቼም እንደሚፈለግ አይናገርም። ምን ላድርግ?

የምንጭ ኮዱ ካለ ሦስት ነገር ይፈልጉ፤ ላይብረሪው መረጃውን ሲረከብ ይቀዳዋል ወይስ አድራሻውን ብቻ ይይዛል፣ ከስረዛ በኋላ ኮልባኩ ይጠራል ወይስ አይጠራም፣ ኮልባኩ በጠሪው ፈንክሽን ውስጥ ሳለ፣ ማለትም ጥሪው ሳይመለስ፣ ሊጠራ ይችላል ወይ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ አንዳንድ ላይብረሪዎች ግንኙነቱ ወዲያው ሲከሽፍ ኮልባኩን እዚያው ይጠሩታል፤ ያን ጊዜ ጠሪው ገና ያልጨረሰውን የሥራ ኦብጀክት ኮልባኩ ቀድሞ ይለቀዋል። የምንጭ ኮዱ ከሌለ መረጃውን የራስዎ በሆነ በፈር ቀድተው ይላኩ፣ በፈሩንም ላይብረሪው በሙሉ እስኪዘጋ ድረስ አይልቀቁ፤ የሚያስከፍለው ማህደረ ትውስታ ይታወቃል፣ በስልኩ አቅም መመዘንም ይቻላል። ያገኙትን መልስ በጃቫው ሜተድ ራስጌ ላይ በአስተያየት መልክ ይጻፉት፤ ቀጥሎ ኮዱን የሚከፍተው ሰው ያንን መስመር የሚፈልገው ልክ እርስዎ ዛሬ በፈለጉበት ሁኔታ ላይ ሆኖ ነው።